የአርባ አንደኛዋ ደብተር

«ታዲያ ሁለት ብሎ የጻፈው ማን ነው? እኔ ነኝ?»

«ቀስ በል፤ በሩ ክፍት ነው።»

በሩ ሁልጊዜም ክፍት ነበር። የጥናቱ ደንብ መዝጋቢ ከታካሚ ጋር በሩን ዘግቶ እንዲቀመጥ አይፈቅድም። ስለዚህ ጠባቸው በሹክሹክታ ነበር፤ ከውጭ ለሚሰማቸው ሦስተኛ ሰው የሚያሙ እንጂ የሚጣሉ አይመስሉም። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሲሰማ መዝጋቢው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ «እርስዎ» ይላታል። ኮቴው ሲርቅ ወደ «አንቺ» ይመለሳል።

«ስምንት ሳምንት» አለ፣ ጣቱን ከደብተሩ ላይ ሳያነሳ። «ሁለት። አንድ። ሁለት። አሁንም ሁለት። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ እየተደሰትኩ እገለብጣለሁ። ዓርብ ዕለት በዓይኔ ባላይሽ ኖሮ...»

የጽዳት ሠራተኛዋ ጋሪዋን እየገፋች አለፈች።

«...ክኒኑን በሰዓቱ ነው የሚወስዱት?»

«በሰዓቱ ነው» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

«ከምግብ በኋላ?»

«ከምግብ በኋላ።»

የጋሪው ጎማ ድምፅ ደረጃው ጋ ሲደርስ ጠፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባለው ቅጽበት ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቁ ነበር። ዛሬ ግን እሱ ደብተሩን፣ እሷ መስኮቱን እያዩ ቆዩ።

ልጅቷ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ናት። ባልደረቦቿ «ሙጫ» ይሏታል፤ ከጣቶቿ ሙጫ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው፤ ደግሞም የጀመረችውን ሳትጨርስ ከወንበሯ አትላቀቅም። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን አርባ አንድ ናት። ጥናቱ ውስጥ የገቡት መቶ ሃያ ሴቶች በሙሉ የሚጠሩት በቁጥር ነው። ሁሉም የዳሌ ውስጥ ሕመም ያለባቸው፣ ከሐኪም ወደ ሐኪም ዞረው ምክንያቱ ያልተገኘላቸው ናቸው። ጥናቱ ሕመሙ ከምን እንደሚመጣና አንድ አዲስ ክኒን ያስታግሰው እንደሆነ ይመረምራል። ለግማሾቹ መድኃኒቱ ይሰጣል፤ ለግማሾቹ ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ፣ ውስጡ ግን ምንም የሌለበት ክኒን። የትኛዋ የትኛውን እንደምትወስድ ታካሚዋም፣ መዝጋቢውም፣ ሐኪሟም አያውቁም። የሚታመነው ደብተሩ ብቻ ነው። እያንዳንዷ ሴት የየቀኑን ሕመሟን ከዜሮ እስከ አስር በቁጥር ትጽፋለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ለመዝጋቢው ታስረክባለች።

ሕመሙ ሲጀምራት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አሁን ሃያ አምስት ሞላት። በነዚህ ዓመታት የጨጓራ ነው ተብላለች፣ የትል ነው ተብላለች፣ የነርቭ ነው ተብላለች። እናቷ «ሴትነት እንዲህ ነው፤ ስታገቢ ይለቅሻል» ትላታለች፤ ታላቅ ወንድሟ ደግሞ የሥራ ጥላቻ ይሆን እንዴ ብሎ በልቡ ይጠረጥራል። በጣም ያመኛል ብላ ለስንት ሰው ተናግራለች። ሁሉም ይሰሟታል፣ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

መዝጋቢው ግን የመጀመሪያው ማክሰኞ «ዘጠኝ» ስትለው እጁ ቆመ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሳይነካ ቆመና ቀና ብሎ አያት። ሌላ ምንም አላደረገም። እሷ ግን ወደ ማተሚያ ቤቱ እስክትመለስ ድረስ የዚያን እጅ መቆም ስታስብ ሄደች። ያን ቀን ሦስት መጽሐፍ ገልብጣ ጠርዛ አለቃዋ ሊያብዱ ነበር።

ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን «ሌላ አስተያየት» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። ቁጥሩ በእስክሪብቶ፣ አስተያየቱ በእርሳስ ይጻፋል። አንድ ሳምንት «ዛሬ ዝናብ ስለነበር ማንም አልሳቀም» ብላ ጻፈች። ደብተሩ ሲመለስላት ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት «እኔ ስቄያለሁ፤ ጃንጥላዬ ተገልብጦ» የሚል አገኘች። ከዚያ በኋላ ያ ዓምድ የነሱ ሆነ። ከጣት በማይሰፋ ቦታ ስለ እናቷ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ልጅነቱ ውሻ፣ አንድ ቀን አብረው ስለሚኖሩት ኑሮ ተጻጻፉ። ደብተሩ ወደ ዋናው መዝገብ ከመግባቱ በፊት እሱ በላጲስ ያጠፋዋል። ላጲሱ ግን ሁሉንም አያጠፋም፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ለያዘው ሰው የተጫነው መስመር ይታያል።

ዓርብ ዕለት ሆስፒታል ረስታው የሄደችውን ሹራብ ሊያደርስላት ብሎ ወደ ጥረዛ ክፍሉ ሲገባ፣ በሁለት የወረቀት ቁልል መካከል ወለል ላይ ተጠቅልላ አገኛት። ጉልበቷ ደረቷን ነክቷል፣ ክሩ የተሰካበት መርፌ አሁንም ጣቶቿ መካከል ነው። ሠራተኞቹ እየተሻገሯት ያልፋሉ። ደንግጦ ሲንበረከክ ወረቀት ቆራጯ ሴትዮ ከማሽኗ ላይ ዞር ብላ፣ ሊያጽናናው አስባ «አይደንግጡ፤ ዛሬስ ቀሎላታል። ያለፈውን ሳምንት ባዩ ኖሮ» አለችው።

ይኸው ነው ማክሰኞ ጠዋት ይህን ጠብ ያመጣው።

«ለምን ዋሸሽኝ?» አለ አሁን፣ ከበፊቱም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አልዋሸሁህም።»

«ታዲያ ምን ይባላል ይሄ?»

ጣቶቿ ላይ የደረቀውን ሙጫ መላጥ ጀመረች። ስምንትና ዘጠኝ በጻፈችባቸው ሳምንታት ፊቱ እንዴት እንደሚጠቁር፣ አንድ ማክሰኞ ደግሞ «ያንቺን ደብተር ካነበብኩ በኋላ ምሳ አይወርድልኝም» ብሎ እንደጻፈላት አስታወሰችው። በቀጣዩ ሳምንት ስምንቱን ስድስት አድርጋ ጻፈች። እሱ ደብተሩን ገልጦ ሲያይ ፊቱ በራ። ስድስቱን አራት አደረገችው፤ ይበልጥ በራ። ከዚያ ወዲያ መመለስ አልቻለችም።

«ለኔ ብለሽ?»

«ደግሞም አንተ ነህ ያልከው። ሲሻልሽ እናቴ ጋ እወስድሻለሁ አላልክም?»

ብሎ ነበር። እናቱ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ባላቸውን በሞት ያጡ፣ ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ የልጅ ልጅ ሳያዩ እንዳይሞቱ በየሳምንቱ የሚያሳስቡ። ሙጫ የነካው ጣትና የታመመ ማህፀን ይዛ ደጃቸው ልትቆም እንደማትችል ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። «ሲሻልሽ» ማለቱ ለተስፋ ነበር። እሷ ግን እንደ ቀጠሮ ወሰደችው። መዳን ካልቻለች መዳኗን መጻፍ ትችላለች።

መዝጋቢው ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ ሲያበቃ ያወጣው ቃል እሷ የጠበቀችው ቁጣ አልነበረም።

«ረቡዕ ዕለት መዝገቡ ተቆልፏል» አለ። «ዛሬ ስም ዝርዝሩ ይወጣል።»

«የምን ስም ዝርዝር?»

የስድስት ወሩ አማካይ ቁጥራቸው ከአምስት በታች ያልወረደላቸው ሴቶች ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚያልፉ፣ በእምብርት በኩል በምትገባ ቀጭን ካሜራ ውስጣቸው እንደሚታይ፣ ያለቦታው የበቀለ ሥጋ ከተገኘም እዚያው እንደሚወገድ ነገራት። ከአምስት በታች የሆኑት ክኒናቸውን እየወሰዱ በወር አንዴ ብቻ ይታያሉ። ስድስትና አራት ማለት ከጀመረች ወዲህ ያሉት ወራት የሷን አማካይ ጎትተው አራት ላይ አድርሰውታል።

«ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«ለማንም አይነገርም።» ደብተሩን ዘጋው። «ሴቶቹ ቀዶ ጥገናውን ፈልገው እንዳይዋሹ ነው የማይነገረው።»

ሁለት የልምምድ ሐኪሞች እየተሳሳቁ በበሩ አለፉ። መዝጋቢው በዚህ ጊዜ ቀና አላለም፣ «እርስዎ» ማለትም አልቻለም። እሷም እሱን ለማስደሰት ስትል አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችውን በር በገዛ እጇ እንደዘጋች ገባት። ማልቀስ ነበረባት። እሷን የያዛት ግን አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አምኗት ሳለ ያንን ሰው ራሷ ማታለሏ ነበር።

እንዳይናገር ለመነችው። ሥራህን ታጣለህ አለችው። እሱ ግን የጥናቱ ዋና ሐኪም ደግ ሰው መሆናቸውን፣ እውነቱን ከሰሙ መዝገቡን እንደሚያስከፍቱ፣ የሚመጣው ሁሉ በሱ ላይ ብቻ እንደሚመጣ እየተናገረ ተነስቶ ነበር። ደብተሩን ደረቱ ላይ ይዞ ሲወጣ በእርምጃው ውስጥ ተስፋ ነበር። ከሁሉ ያስፈራት ያ ተስፋ ነው።

ዋና ሐኪሟ ከምሳ በኋላ አስጠሯት። እስከዚያው ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሌላዋ የጥናቱ ታካሚ፣ ከባለሱቋ ጋር ተቀመጠች። ባለሱቋ ቁጥር አሥራ ሰባት ናት፤ ሦስት ልጆች፣ ትልቅ ድምፅና የማያልቅ ወሬ ያላት። ዝርዝሩ ውስጥ መግባቷን ገና አሁን ሰምታ በደስታ ትፍነከነክ ነበር።

«የኔ እህት፣ ልንገርሽ? እኔኮ አማቴ የመጣች ቀን ሁሉ አስር ነው የጻፍኩት» አለች በጆሮዋ። «እንዴ፣ ሕመም ሕመም ነው። ከየት እንደመጣ ማጥናት የነሱ ሥራ ነው።» ከዚያ ሳቋን አቋርጣ፣ በዚያች ቅጽበት እንኳ የማይተዋትን የግራ ጎኗን ያዘች። «አንቺስ ገባሽ አይደል? ካንቺ የባሰባት አላየሁም።»

ጠራዧ ዝርዝሩን ገና እንዳላየች ነገረቻት። ባለሱቋ እጇን ጨበጠችላትና በእርግጠኝነት ነቀነቀችው። ያ እጅ ሞቃት ነበር፤ ለቆ እንዲሄድ አልፈለገችም።

ቢሮው ውስጥ መዝጋቢው ግድግዳው ጋ ቆሟል። ዋና ሐኪሟ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናቸው። ደብተሮቿ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አንዱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ይዘው ነበር። ላጲሱ ያላጠፋውን እያነበቡ መሆናቸውን ስታውቅ ፊቷ ነደደ፤ ልብሷን ሳትለብስ የገባች ያህል ተሰማት።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጧት ትመርጥ ነበር።

ጉዳዩን ቀስ ብለው አስረዷት። ቁጥሮቹ ከተቆለፉ በኋላ አንድ ሴት ዋሽታለች ተብሎ ከተለወጠ የሌሎቹም ለምን አይለወጡም የሚል ይመጣል። ያኔ የመቶ ሃያዎቹም ስድስት ወር ውሃ በላው ማለት ነው። የሷን ቁጥር እንዳለ መተውም አይቻልም፤ ምናልባት ባዶ ክኒን የወሰደች ሴት ዳነች ተብሎ ይቆጠራል፣ ወይም ያልሠራ መድኃኒት ሠራ ይባላል። ከዚህ የቀረው አንድ ነገር ነው። አርባ አንድ ከጥናቱ ትወጣለች፤ ከክኒኑም፣ ከወርኃዊ ክትትሉም። መዝጋቢውም ከዛሬ ጀምሮ ታካሚ ፊት አይቀርብም፤ ራቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛውሮ የክትባት መዝገብ ይይዛል።

«ጥፋቱ የኔ ነው ብያለሁ እኮ ዶክተር» አለ መዝጋቢው። «እኔን አባሩኝ። እሷ አሞኛል ብላ ነው የመጣችው፤ አሁንም ያማታል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አይተሃል። አምንሃለሁ። እሷንም አምናታለሁ።» ዋና ሐኪሟ ዓይናቸውን አሹ። «እኔ ማመኔ ግን እዚህ ወረቀት ላይ የሚገባበት ቦታ የለም።»

ወደ መደበኛው የቀዶ ጥገና ክፍል ማስተላለፊያ ጻፉላት። እዚያ ሰልፉ የዓመታት እንደሆነ አልሸሸጓትም። ሲፈርሙ ብዕሩን ከሚገባው በላይ ተጫኑት፤ እሷ ይህን አየች፤ የኚህ ሴት እጅም የታሰረ መሆኑን አየች።

ለመውጣት ስትነሳ ያሰበችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ዶክተር፣ ስወስድ የከረምኩት መድኃኒቱን ነው ወይስ ባዶውን?»

«አላውቅም ልጄ» አሉ። «እኔም አላውቅም።»

መዝጋቢው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ቀን በፊት ቢሆን ያንን አስተያየት ይዛ ሳምንት ትከርምበት ነበር። አሁን ግን ዓይኖቹ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ የሷም ይጠይቃሉ፤ ማን ለማን ይቅር እንደሚል ሳይታወቅ በመካከላቸው ወለሉ ብቻ ሰፊ ሆኖ ቀረ።

እሁድ ከምሳ በኋላ ሕመሙ መጣ። እንደ ልማዱ ከወገቧ ተነስቶ ወደ ጭኗ ወረደ፣ ከዚያ ተመልሶ ዳሌዋ ውስጥ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ጠበቀ። እናቷ ውሃ አሙቀው በጠርሙስ አድርገው በፎጣ ጠቅልለው ሆዷ ላይ ያደርጉላታል፣ ሲበርድ ያነሳሉ፣ እንደገና ያሞቃሉ። ዛሬ ስለ ማግባት አላነሱም። ፊቷን ካዩ በኋላ ዝም ብለው ነው የሚያሞቁት።

መዝጋቢው የመጣው በዚህ መሃል ነው። መኖሪያዋን ከጥናቱ ቅጽ ላይ ያውቀው ነበር። ትንሽ ሻንጣ ይዞ ደጃፉ ላይ ሲቆም እናቷ ማን እንደሆነ አልጠየቁም። ንጹሕ ሸሚዙን አይተው፣ ከሆስፒታል የመጣ መሆኑን ሲሰሙ ክንዱን ይዘው ወደ አልጋው ሳቡት።

«ሐኪም ነህ ልጄ? እንግዲያ አንድ ነገር አድርግላት።»

«ሐኪም አይደለሁም እማማ። መዝጋቢ ነኝ።»

«ምንድን ነው እሱ? ምን ትሠራለህ?»

«የሚሉትን እጽፋለሁ።»

እናቷ ክንዱን ለቀቁት። ክፋት አልነበረበትም፤ ከሱ የሚገኝ ነገር እንደሌለ አውቀው ወደ ጠርሙሳቸው ተመለሱ።

አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። እሷ ጥርሷን ነክሳ፣ ላቧ ፀጉሯን ግንባሯ ላይ አጣብቆት ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ቁጥሯን የጻፈ ሰው፣ ከዚያ ዓርብ በቀር ቁጥሩን በቅርበት አይቶት አያውቅም። እጁን ዘረጋ፣ የት እንደሚያሳርፈው አጣ፤ ትከሻዋን ቢነካ እናቷ አሉ፣ ሆዷን ቢነካ ያማታል። በመጨረሻ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ያዘ።

ስምንት ሰዓት ላይ የጣቢያው መኪና እንደሚነሳ ነገራት። ለእናቱ ስለሷ እንደነገራቸው ነገራት። ሁሉንም፣ ሕመሙንም። ምን እንዳሉ ግን አልተናገረም፤ እሷም ከፊቱ አነበበችው።

«እዚያም ሆኜ ሐኪም እጠይቃለሁ» አለ። «ሰልፉ አጭር የሆነበት ቦታ ካለ እሰማለሁ። እጽፍልሻለሁ። አንቺም ጻፊልኝ። ግን እውነቱን። ቢከፋኝም ይክፋኝ።»

ትንፋሿ ለአንድ አፍታ ተመለሰላት።

«አይሻለኝም ይሆናል» አለችው። «ያኔስ?»

አፉን ከፈተ። እዚያ አፉ ላይ «ቢሆንም» የሚል ቃል ሲፈጠር አየችው፤ ሊወጣ ነው ብላ መላ አካሏ ጠበቀው። የዚያን ጊዜ ታላቅ ወንድሟ ከውጭ በጥድፊያ ገባ።

ጋሼ የምትለው ይህ ወንድሟ ግዙፍ ነው፤ ክፍሉን ሞላው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ይናገራል፦ ታክሲ እንዳገኘ፣ ሹፌሩ መግቢያው ጋ እንደቆመ፣ ዛሬ የማስታገሻ መርፌ ሳትወጋ እንደማትመለስ፣ ከዚህ በፊት ባለማመኑ እንደሚጸጸት። እናቷ ይበርዳታል ብለው ብርድ ልብስ ፍለጋ ሳጥን ከፈቱ። ጋሼ «በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ታክሲ ልትገባ ነው?» አለ። እናቷ «አንተን ማን ጠየቀህ፣ ጫማዋን አምጣ» አሉ። ጋሼ ብብቷ ሥር እጁን አስገብቶ ሲያነሳት፣ ሰፊው ጀርባው በሷና በመዝጋቢው መካከል ገባ።

በወንድሟ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችው። ሊረዳ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደ፤ እናቷ በብርድ ልብሱ ገፋ አድርገውት አለፉ። ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ሰዓቱን አየ፤ እሷን አየ። ሻንጣውን አነሳ።

ልትጠራው ፈለገች። ለአንድ ቃል የሚሆን ትንፋሽ ስባ ነበር። ሕመሙ ግን ከሥር መጥቶ ያንን ትንፋሽ ወሰደው፤ የቀራት ኃይል ሁሉ እንዳትጮኽ ለመያዝ ብቻ በቃ። ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ግድግዳው ባዶ ነበር፤ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ ፀሐይ አርፋለች። በደረቷ ውስጥ ከዳሌዋ ሕመም የተለየ፣ ቁጥር ልትሰጠው የማትችል ነገር ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«የግራው ተገኘ» አለ ጋሼ። «የቀኙስ?»

እናቷ አልጋው ሥር ጎንበስ ብለው በእጃቸው ይዳብሱ ነበር።